ናሙናን ከልጅዎ ጋር በተግባር መማር፦ ከቦሎቄ እስከ አገር አቀፍ ጥናት

ልጅዎ 7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ከደረሰ በሒሳብ ደብተሩ ውስጥ «ናሙና» የሚል ቃል ማግኘትዎ አይቀርም። ከጎኑም «ከጠቅላላው ስብስብ የተወሰደ ክፍል» የሚል የአንድ መስመር ትርጉም ይኖራል። ልጁ ይህችን መስመር ሸምድዶ ፈተና ላይ ይጽፋታል፤ ነጥቡንም ያገኛል። ይኸው ልጅ ግን «የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች በቀን ስንት ሰዓት ያጠናሉ? ጠይቀህ ና» ቢባል አብረውት የሚቀመጡትን አራት አምስት ጓደኞቹን ጠይቆ፣ አማካዩን አውጥቶ፣ «የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ይህን ያህል ያጠናሉ» ብሎ ይመለሳል። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። መልሱ ግን ስለ ጓደኞቹ እንጂ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ይህን ክፍተት ተጨማሪ ትርጉም አይሞላውም፤ የሚሞላው ልጁ በገዛ እጁ ናሙና ሲወስድ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ወላጅ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ አለዚያም መምህር ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ሊሠራው የሚችል ነው። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ከጓዳ የሚገኝ ቦሎቄ ይበቃል። ከሁሉም በላይ ልጁ እንዲጨብጠው የምፈልገው ይህን ነው፦ ናሙና የሚታመነው በአወሳሰዱ ነው፤ ብዛቱ የሚጠቅመው አወሳሰዱ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት «ስለ ማን?»

የስታቲስቲክስ ጥያቄ ሲመጣ ልጁ ማስላት ከመጀመሩ በፊት «የምንናገረው ስለ ማን ነው?» ለሚለው መልስ ይስጥ። መልሱ ጠቅላላ ስብስቡ ነው። አንዳንድ መጻሕፍት «ሕዝብ» ሌሎች «አካላይ» ይሉታል፤ የግድ ሰው መሆን ግን የለበትም። በአንድ መጋዘን ያለ ጤፍ፣ ዛሬ ከፋብሪካ የወጡ አምፖሎች፣ በጣና ሐይቅ ያሉ ዓሣዎች፣ ሁሉም እንደ ጥያቄው ጠቅላላ ስብስብ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። 500 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት አለ እንበል፤ 300ዎቹ 7ኛ ክፍል፣ 200ዎቹ 8ኛ ክፍል ናቸው። ማወቅ የምንፈልገው ተማሪዎቹ ከቤት ተነሥተው ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ነው። «ጠቅላላ ስብስቡ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት ልጅዎ «ተማሪዎች» ብሎ ሊመልስ ይችላል። አይበቃም። የየት ትምህርት ቤት? የየትኛው ክፍል? የዘንድሮዎቹ ብቻ ናቸው ወይስ የአምናዎቹም ይጨመራሉ? «በዚህ ዓመት፣ በዚህ ትምህርት ቤት፣ በ7ኛ እና በ8ኛ ክፍል የተመዘገቡ 500 ተማሪዎች» እስኪል ድረስ አይልቀቁት። ዓረፍተ ነገሩን በገጹ አናት ላይ ይጻፈው። መደምደሚያውን ስንጽፍ ያስፈልገናል።

«ሁሉንም ለምን አንጠይቅም?»

ልጆች ይህን መጠየቃቸው ጥሩ ነው። 500 ተማሪ ከሆነ ጊዜ ካለ ሁሉንም መጠየቅ ይቻላል፤ ያኔ ናሙና መሆኑ ቀርቶ ቆጠራ ይሆናል። አምፖሎቹን ግን «እስኪቃጠሉ ስንት ሰዓት ያበራሉ?» ብለን ሁሉንም ብንፈትን የሚሸጥ አምፖል አይተርፍም። የጣናን ዓሣም አንድ በአንድ መቁጠር የማይታሰብ ነው።

ለአገር ሲሆን ደግሞ ቆጠራ ከባድ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ሲሆን እነሱም የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች ናቸው። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ታዲያ በየመሀሉ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና የምንሰማቸው አኃዞች ከየት ይመጣሉ? ከናሙና ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንውሰድ። አጥኚዎቹ መነሻ ያደረጉት ለ1999ኙ ቆጠራ ተዘጋጅቶ የነበረውን የ84,915 የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ነበር። አንድ የቆጠራ ቦታ በአማካይ 181 ቤተሰብ ይይዛል። ከእነዚህ ውስጥ 645 ቦታዎች ተመረጡ፤ ከከተማ 202፣ ከገጠር 443። ከዚያም በየተመረጠው ቦታ ያሉት ቤተሰቦች ተመዝግበው ከየቦታው 28 ቤተሰብ ወጣ። በመጨረሻ መረጃ የተሰበሰበው ከ16,650 ቤተሰቦች ነው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት በታች መሆናቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ልጅዎን «በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ባሉበት አገር 16,650 እንዴት ይበቃል?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን ለጊዜው ያቆዩለት። ቀጣዮቹ ደረጃዎች ወደዚያ ያደርሱታል።

ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ዕጣ አይወጣለትም

ጠቅላላ ስብስቡ ከታወቀ በኋላ የአባላቱ ሙሉ ዝርዝር ያስፈልጋል። በትምህርት ቤታችን ይህ የመዝገብ ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ያረጀ እንዳይሆን፣ በዓመቱ አጋማሽ ተዛውረው የመጡ ልጆች እንዳይቀሩ፣ የከሰዓት ፈረቃ ካለም እንዳይረሳ ይጣራ።

ይህን ደረጃ የሚንቅ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ፍራንክሊን ሩዝቬልትና አልፍ ላንደን ይፎካከሩ ነበር። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ የታወቀ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠይቅ ካርድ በፖስታ ላከ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስም ደረሰው። ከዚያ በመነሣት ላንደን በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ሩዝቬልት ግን 61 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ከሁለት ግዛቶች በስተቀር ሁሉንም አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው በብዛት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበራቸው በአመዛኙ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ነበሩ። በዚያ ላይ ካርዱ ከደረሳቸው ሰዎች አብዛኞቹ አልመለሱም፤ የመለሱትም ካልመለሱት የተለየ ሐሳብ ነበራቸው። በዚሁ ምርጫ ጆርጅ ጋለፕ የተባለ ባለሙያ እጅግ ባነሰ ናሙና የሩዝቬልትን ማሸነፍ አስቀድሞ ተናግሯል። ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ይዞ መሳሳት እንደሚቻል ልጁ አንዴ ከሰማ አይረሳውም፤ ስለዚህ ጊዜ ወስደው ይተርኩለት።

ዕጣ ማውጣት

ብዙ ልጆች «በዕጣ መምረጥ» ሲባል ዓይን የገባውን ሰው መጥራት ይመስላቸዋል። ሰው ሳያውቀው የሚያውቀውን፣ ፊት የተቀመጠውን፣ የሚስቅለትን ይመርጣል። የክፍል አለቃውን «አምስት ልጅ አምጣልኝ» ቢሉት ጎበዞቹን ይዞ ይመጣል። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ቀድመው የሚገቡትን መጠየቅም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ቤቱ ቅርብ የሆነው ነው፤ እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ስለ መንገድ ርቀት ነው። እህል በረንዳ ጤፍ የሚገዛ ልምድ ያለው ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይከፍልም፤ እጁን ወደ መሀል ሰድዶ ከታችም ዘግኖ ያያል። ከላይ ያለው ለመታየት የተቀመጠ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል።

ትክክለኛው ዕጣ ለእያንዳንዱ አባል እኩል የመመረጥ ዕድል ይሰጣል፤ መራጩም ፍላጎቱን የሚያስገባበት ቀዳዳ አይኖረውም። አሠራሩ ቀላል ነው። ከ1 እስከ 500 ያሉት ቁጥሮች እኩል በተቆረጡ ወረቀቶች ላይ ይጻፉ፤ አስተጣጠፋቸውም አንድ ዓይነት ይሁን። ካርቶን ውስጥ ገብተው በደንብ ይደባለቁ። ሳይታዩ 50 ይውጡ፤ ከስም ዝርዝሩ ጋር ይመሳከሩ። የወጣው ቁጥር የማይወዱት ልጅ ቢሆንም አይቀየርም።

አንድ ማሻሻያ አለ። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ7ኛዎቹ በሆነ ነገር ይለያሉ ብለን ከጠረጠርን ዕጣውን በሁለት ካርቶን እናደርገዋለን። 50 ከ500 አንድ ዐሥረኛ ስለሆነ ከ300ዎቹ 30፣ ከ200ዎቹ 20 እናወጣለን። በዚህ መንገድ ሁለቱም ክፍሎች በትምህርት ቤቱ ባላቸው ድርሻ ልክ ናሙናው ውስጥ ይገባሉ። የ2008ቱ ጥናት ከተማንና ገጠርን ለይቶ የመረጠውም ሁለቱ ኑሮዎች ስለሚለያዩ ነው። ድርሻውን የማስላት ጥያቄ ፈተና ላይ ሊመጣ ስለሚችል ልጁ ቁጥሮቹን እየቀያየረ ይለማመደው፤ 360 እና 240 ቢሆኑስ? ናሙናው 60 ቢሆንስ?

የቦሎቄው ሙከራ

አሁን ወደ ጓዳ። ልጁ ሳያይ 60 ቀይ ቦሎቄና 140 ነጭ ቦሎቄ ቆጥረው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይቀላቅሉ። ባቄላና ሽንብራ አይጠቀሙ፤ መጠናቸው ስለሚለያይ ሳህኑ ሲወዛወዝ ትንሹ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ትልቁ ለጣት ይቀርባል፤ ዕጣው ሳይታወቅ ይዛባል። የቦሎቄዎቹም መጠን ተቀራራቢ መሆኑን ይዩ።

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ 20 ፍሬ ያውጣ፤ ቀዩን ይቁጠር፤ ይመዝግብ፤ መልሶ ይጨምርና በደንብ ያማስል። ይህን ዐሥር ጊዜ ያህል ይድገም። ከጠቅላላው ቀዩ 30 በመቶ ስለሆነ ከ20 ውስጥ 6 ቀይ ይጠበቃል። የሚያገኘው ግን ሁልጊዜ 6 አይሆንም፤ አብዛኛው ውጤት ከ4 እስከ 8 ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ አልፎ አልፎ 3 ወይም 9 ይመጣል። ልጁ «ተሳሳትኩ» ሊል ይችላል። አልተሳሳተም። በትክክል የተወሰዱ ናሙናዎች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ ይህ የናሙና ተፈጥሮ ነው።

ቀጥሎ ናሙናውን 50 ያድርገው። አሁን 15 ይጠበቃል፤ አብዛኛው ውጤትም ከ12 እስከ 18 ይሆናል። ወደ መቶኛ ይለውጡት፦ በ20 ፍሬ ጊዜ ግምቱ በ20 እና በ40 በመቶ መካከል ይዋዥቅ ነበር፤ በ50 ፍሬ ጊዜ በ24 እና በ36 በመቶ መካከል ጠበብ አለ። የናሙና መጠን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ዐሥር ተማሪዎችን በቅርበት

ቁጥር የሚወድ ልጅ ካለዎት ይህን ይስጡት። ጠቅላላ ስብስቡ ዐሥር ተማሪዎች ብቻ ነው እንበል፤ የመንገድ ደቂቃቸውም 5፣ 10፣ 10፣ 15፣ 20፣ 20፣ 25፣ 30፣ 40፣ 45 ነው። ድምሩ 220፣ አማካዩ 22 ደቂቃ ነው።

ሦስት ሦስት ተማሪ በዕጣ ብናወጣ 120 የተለያዩ ናሙናዎች ይኖራሉ። አንዱ 10፣ 20 እና 45 ቢሆን አማካዩ 25 ነው። ሌላው 5፣ 10 እና 15 ቢሆን 10 ነው። ከሁሉ ዝቅተኛው 8.3፣ ከሁሉ ከፍተኛው 38.3 ነው። እነዚህ ዳርቻዎች ግን የሚመጡት ከስንት አንዴ ነው፤ የ120ዎቹንም አማካዮች ደምረን ለ120 ብናካፍል በትክክል 22 እናገኛለን። ስድስት ስድስት ብናወጣስ? ዝቅተኛው 13.3፣ ከፍተኛው 30 ይሆናል። ርቀቱ ከ30 ደቂቃ ወደ 17 ደቂቃ ገደማ ወረደ።

አሁን ደግሞ ዕጣውን ትተን በር ላይ ቆመን ቀድመው የደረሱትን ስድስት ጠየቅን እንበል፤ እነሱም በአጋጣሚ ቤታቸው ቅርብ የሆነው ስድስቱ ናቸው። አማካዩ 13.3 ይመጣል። ከዐሥር ሰው ስድስቱን ጠይቀን ከእውነተኛው 22 ወደ 9 ደቂቃ ራቅን፤ በዕጣ የወጡት ሦስቱ (10፣ 20፣ 45) ግን በ3 ደቂቃ ብቻ ነው የተሳሳቱት። ይህን ሦስት መስመር ስሌት ልጁ ራሱ ይሥራው። በዕጣ የሚመጣ ስህተት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ነው፤ ናሙናው ሲጨምርም ይቀንሳል። የአመራረጥ ስህተት ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ በር ላይ የምንቆምበትን ቀን ብናበዛውም አይለቀንም።

ከላይ ያቆየነው ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። 16,650 ቤተሰብ የሚበቃው ከሙሉ ዝርዝር በዕጣ ስለወጣ ነው።

የጎደሉትን ፍለጋ

ዕጣ ከወጣላቸው 50 ተማሪዎች ስድስቱ በዚያ ቀን ቀሩ እንበል። ልጅዎ ወዲያው «ሌላ ስድስት እንተካ» ይላል። አይተኩ። የቀሩት ምናልባት ቤታቸው ሩቅ ስለሆነ ቀርተው ይሆናል፤ እነሱን በቅርብ ባሉ ልጆች ብንተካ አማካዩ ወደ ታች ይወርዳል። በማግሥቱ ተመልሶ መጠየቅ ነው የሚሻለው። በ2008ቱ ጥናትም የተመረጠን ቤተሰብ በሌላ መተካት አይፈቀድም ነበር። ተፈልጎ ካልተገኘ «44 መለሱ፣ 6 አልተገኙም» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይገባል።

ጥያቄውም ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። «በእግርህ ስንት ደቂቃ?» ለአንዱ፣ «በታክሲስ?» ለሌላው ከተባለ መልሶቹ አይደመሩም።

ከናሙናው ወደ ጠቅላላው

የቀሩትም በማግሥቱ ተገኝተው 50ዎቹም መልስ ሰጡ፤ 12ቱ ከ30 ደቂቃ በላይ ይፈጅብናል አሉ እንበል። 12 ሲካፈል ለ50፣ 24 በመቶ ነው። የ500 ተማሪዎች 24 በመቶ 120 ነው። ልጁ እዚህ ጋ «120 ተማሪዎች ከ30 ደቂቃ በላይ ይጓዛሉ» ብሎ ይደመድማል። ያስተካክሉት፦ «120 ገደማ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል» ይበል። በናሙናው ውስጥ 12 መኖራቸው የተቆጠረ ነው፤ 120 ግን ግምት ነው፤ ቦሎቄው እንዳሳየን ሌላ ዕጣ ቢወጣ 100 ወይም 140 ሊል ይችላል። ይህን ልዩነት ሳይጠቅስ የሚጽፍ ተማሪ ስሌቱን ቢያገኝም ትምህርቱን አላገኘም ባይ ነኝ።

ከዚያ በገጹ አናት ላይ የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ያንብብ። መደምደሚያው የሚሠራው እዚያ ለተጻፉት 500 ተማሪዎች ነው። ስለ ወረዳው ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ስለ ከተማው ወጣቶች፣ ስለ አገሩ ልጆች አንዳች አይልም።

ሌሎች ባወጡት ቁጥር ላይ ሲለማመድ

ልጁ ይህን ከያዘ በኋላ በየቴሌግራም ቻናሉ የሚወጡትን የሕዝብ አስተያየት ጥያቄዎች ያሳዩት። «ከ8,000 መላሾች 85 በመቶው ደገፉ» የሚል ነገር ሲያይ አራት ጥያቄ ያንሣ፦ የሚናገረው ስለ ማን ነው? ዝርዝሩ ከየት መጣ? መላሾቹን ማን መረጣቸው? ያልመለሱትስ? በቻናል ጥያቄ መላሾቹ ራሳቸውን የመረጡ የዚያ ቻናል ተከታዮች ናቸው፤ ስለዚህ 85 በመቶው የሚናገረው ስለ እነዚያ 8,000 ሰዎች ብቻ ነው። ስለ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ነው ተብሎ ሲጻፍ ልጅዎ ስህተቱን በራሱ ቃል ማስረዳት ከቻለ ምዕራፉን ጨርሷል።

መምህራን ሆይ፣ ለዚህ ትምህርት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለዕጣው ብቻ ስጡልን። የክፍሉን ስም ዝርዝር ይዛችሁ፣ ወረቀት አስቆርጣችሁ፣ ልጆቹ ራሳቸው ያውጡ፣ ራሳቸው ይጠይቁ፣ ግምታቸውን ከመላው ክፍል እውነተኛ አማካይ ጋር ያስተያዩት። ትርጉሙን ከዚያ በኋላ ብትጽፉላቸው ይደርሳል።